የቁልፉ ባለአደራ፦ የእንግዳ ማረፊያና የኪራይ ቤት ሠራተኞችን የወንጀል መዝገብ ስለ ማጣራት፣ በምዕራብ ጎጃም መነሻነት

በፋኩልቲው የአደባባይ ገለጻ ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ



ለዛሬ የመረጥሁት ርእስ በመጀመሪያ ሲሰማ ለአደባባይ ገለጻ የማይመጥን የቢሮ ጉዳይ ይመስላል። ነገሩ ስለ አንድ ወረቀት ነው። በደብዳቤ ቋንቋ «ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚገልጽ ማስረጃ» እንለዋለን፤ ሥራ ፈላጊው ግን በአጭሩ «አሻራ» ይለዋል። «አሻራ አምጣ ተባልሁ»፣ «አሻራ ልሰጥ ነው» ሲል ሰምታችሁት ይሆናል። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ የሆቴል፣ የፔንሲዮንና የአልጋ ቤት ባለንብረቶች ይህን ወረቀት ከአመልካቹ ልጠይቅ ወይስ ተያዥ ይበቃኛል እያሉ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። ክርክራቸው ከሚመስለው በላይ ከባድ ስለሆነ ወደዚህ መድረክ ላመጣው ወደድሁ።

የማረፊያ ቤት ሥራ ከሌላው ሥራ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ቁልፍ ነው። በፋብሪካ የሚቀጠር ሰው ማሽን ይረከባል፤ በመደብር የሚቀጠር ሸቀጥ ይቆጥራል፤ በማረፊያ ቤት የሚቀጠር ግን ሰው የተኛበትን ክፍል ቁልፍ ይይዛል። እንግዳው ገንዘቡን፣ ሰውነቱንና እንቅልፉን ለማያውቀው ሰው አደራ ሰጥቶ ያድራል። በኪራይ ግቢ ያለው ጥበቃም፣ ለጥገና የሚገባው የቧንቧና የመብራት ሠራተኛም ከዚህ የተለየ አይደለም። ስለዚህ «ቁልፉን የያዘው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም። የምከራከረው ወረቀቱ ይህን ጥያቄ ይመልሳል ወይ በሚለው ላይ ነው። እኔ እንደማምነው የምንጠይቀው ሌላ፣ ወረቀቱ የሚመልሰው ሌላ ነው። በመካከሉ የሚጎዱት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ በሩን ዘግቶ የተኛው እንግዳ፣ ሌላው ቅጣቱን ጨርሶ እንጀራ የሚፈልገው ሰው።

አካባቢውን ላስታውሳችሁ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም ይገባል፤ ከዚያ ቡሬ ይደርሳል። ቡሬ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ያመራል። ፍኖተ ሰላም በግእዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው፤ ከተማዋ በስሟም በኑሮዋም የመንገድ ከተማ ናት። በእነዚህ ከተሞች የሚያድረው በቆሎና በርበሬ የጫነ ሹፌር ከነረዳቱ፣ ለስብሰባ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ከገጠር የወጣ ባለጉዳይ፣ ሕመምተኛ ይዞ የመጣ ቤተሰብ ነው። ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው ደግሞ በፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ወይም በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ካምፓስ የሚማር ወጣት፣ በቡሬ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ያገኘ ወይም የሚፈልግ፣ በብር ሸለቆ እርሻ የወቅት ሥራ ለመሥራት የመጣ ነው። ተቀጣሪውም መንገደኛ ነው። አልጋ የምታነጥፈው ልጅ ከደጋ ዳሞት ወይም ከቋሪት፣ ሌሊት በር የሚጠብቀው ሰው ከሰከላ ወይም ከወምበርማ፣ ብዙ ጊዜም በደላላ በኩል የመጡ ናቸው። እንግዳው ሠራተኛውን አያውቀውም፤ ባለቤቱም ሠራተኛውን አያውቀውም።

በገጠሩ ማጣራት ማለት ምን እንደነበር ካላየን የወረቀቱን ትርጉም አንረዳም። በአገር ቤት ሰው ሲቀጠር፣ ሲዳር ወይም መሬት በእኩል ሲሰጠው የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ነው። መልሱ የአንድ ሰው ስም ይመስላል እንጂ ከነጸባዩ፣ ከነደሙና ከነእዳው የአንድ ቤተሰብ መዝገብ ነው። ጥፋተኛው ያልታወቀ ስርቆት ወይም ግድያ ሲደርስ ደግሞ አውጫጭኝ ነበር፤ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን በመሐላ እስኪያወጣ ድረስ አይበተንም። እዚያው ጎን ግን ሌባ ሻይም ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ ዞሮ ዞሮ ከደጁ የወደቀበት ሰው ሌባ ተብሎ ይያዛል። የጥንቱን ስናወድስ ይህንንም አብረን ማስታወስ አለብን፤ ያለ ማስረጃ በምልክት ብቻ ሰውን መጠርጠር ከአባቶቻችን የወረስነው ነገር ነው፤ ዛሬም መልኩን ለውጦ በቅጥር ውስጥ አለ።

ስለ ገጠሩ ሥርዓት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሌላው ገጽ ደግሞ የመርሳት ሥርዓቱ ነው። ደም የተቃቡ ወገኖች በሽማግሌ ታርቀው ደሙ ከደረቀ፣ ጉማው ከተከፈለና መሐላው ከተፈጸመ በኋላ ያንን ጉዳይ መልሶ ማንሳት ነውር ነው። ገዳዩ ወደ ቀየው ይመለሳል፤ ያርሳል፣ ይዳራል፣ ማኅበር ይጠጣል። የሚያስታውስ እንደማይጠፋ ማንም ያውቃል፤ ዳሩ ግን የታወቀ ሁሉ አይነገርም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ሕጉን ስናነብ ያስፈልገናል።

ወደ ከተማ ስንመጣ የ«ማን ልጅ ነህ» ቦታ የያዘው ተያዥ ነው። ቀጣሪው «ዋስ አምጣ» ይላል፤ ዋሱ ደመወዝተኛ ወይም ንግድ ፈቃድ ያለው ሰው እንዲሆን ይፈለጋል። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው ብሂል የዚህ አሠራር መሠረት ነው። በሕግ በኩል ሁለት ነገር ልጥቀስ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1725 የዋስትና ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ በቁጥር 1922 ደግሞ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸ ውሉ ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። በየሆቴሉ መሳቢያ ያሉት የዋስትና ወረቀቶች ግን ብዙዎቹ «ለሚያጠፋው ማናቸውም ጥፋት ኃላፊ ነኝ» የሚሉና የገንዘብ ወሰን የሌላቸው ናቸው። ባለቤቱ ተማምኖበት የሚተኛው ወረቀት ፍርድ ቤት ሲደርስ ባዶ ነው ማለት ነው። ተማሪዎቼ ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ለአንድ ባለንብረት የምትነግሩት ነገር ካለ ይህን ንገሩት፤ ወዲያው ያመሰግናችኋል።

ተያዥ ሌላም ጉድለት አለበት። ዋሱ የሚክሰው ገንዘብን ነው፤ ብርድ ልብስ ቢጠፋ፣ ሒሳብ ቢጎድል ይከፍላል። በተኛች እንግዳ ላይ ለሚደርስ ጥቃት ግን ዋስ የለውም። ደግሞም ዋስ የሚያገኘው አስቀድሞ ሰው ያለው ሰው ነው። ከሌላ አካባቢ ተፈናቅሎ፣ መታወቂያውን እንኳ ጥሎ ቡሬ የደረሰ ሰው ደመወዝተኛ ከየት ያመጣል? ከማረሚያ ቤት የወጣውማ ጨርሶ አያገኝም። ቀጣሪው «ዋስ አጣ» ሲል የሚረዳው «የሚያምነው ሰው የለም» ብሎ ነው፤ እውነቱ ግን ብዙ ጊዜ «የሚያምነው ደመወዝተኛ የለም» ነው።

እንግዲህ ወደ ወረቀቱ። የአሻራ ማስረጃ የሚመልሰው አንድ ጠባብ ጥያቄ ነው፤ በዚህ መዝገብ ቤት፣ በዚህ አሻራ ላይ የተመዘገበ ጥፋት አለ ወይስ የለም? «የለም» ሲል ሰውየው አላጠፋም ማለቱ አይደለም። ያልተያዘ፣ ያልተመሰከረበት፣ ተጎጂዋ አፍራ ያልከሰሰችው፣ በሽምግልና የተዘጋ ጥፋት በመዝገቡ ላይ የለም። ለኛ ርእስ በጣም የሚያሳስበው የፆታ ጥቃት ነው፤ በገጠራችንም በከተማችንም በሽማግሌ እየተድበሰበሰ የሚቀር ወንጀል ቢኖር ይህ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ልንጠነቀቅለት ከሚገባን አደጋ ይልቅ ሌላውን አጉልቶ ያሳየናል።

«አለ» ሲልም ነገሩ አላለቀም። በየዕለቱ ንግግራችን የተጠረጠረውን፣ የተከሰሰውንና የተፈረደበትን አንድ አድርገን «እስር ቤት የገባ» እንላለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር አዟል። ይህ በመደበኛው ጊዜም የሚጣስ መርሕ ነው፤ በአሁኑ ጊዜ በክልላችን ውስጥ ግን ትርጉሙ እጅግ ከፍ ይላል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ሳይከሰሱ ታስረው የተፈቱ ሰዎች በየከተማችን አሉ። ክስ ያልቀረበበት እስር የወንጀል መዝገብ አይደለም፤ ሰውየውን ስለ እርሱ መጠየቅም ለቀጣሪው የሚጨምርለት አንዳች ዕውቀት የለም። ይሁን እንጂ «ታስረህ ታውቃለህ?» የሚለው ጥያቄ በቃለ መጠይቅ ላይ ሲጠየቅ ይሰማል። ይህ ጥያቄ መጠየቅ የለበትም። የሚፈቀደው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ከምትያዘው ሥራ ጋር በሚገናኝ ወንጀል በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለህ ታውቃለህ?»

ከቀበሌ የሚመጣው «የመልካም ሥነ ምግባር» ደብዳቤ ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። ጸሐፊው አመልካቹን ካላወቀው ደብዳቤው ባዶ ምስጋና ነው፤ ካወቀው ደግሞ የግል ቂም ወይም ዝምድና ሊገባበት ይችላል። አሻራው ቢያንስ የፍርድ ቤት ውሳኔን ይከተላል። ይህ ወሬን ይከተላል። ሁለቱ እኩል ዋጋ ሊሰጣቸው አይገባም፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ሳላመነታ አሻራውን እመርጣለሁ።

ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአመልካቹን የወንጀል መዝገብ እንዲያጣራ አያስገድድም፤ አይከለክልምም። አንድ ጠቃሚ ፍንጭ ግን በአንቀጽ 27 ይገኛል። ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ከሚሰናበትባቸው ምክንያቶች አንዱ በወንጀል ጥፋተኛ ሆኖ ጥፋቱ ለያዘው ሥራ ብቁ የማያደርገው ሆኖ ሲገኝ ነው። ቃሉን ልብ በሉ፤ ጥፋቱ ብቻ አይበቃም፣ ከሥራው ጋር መጋጨት አለበት። በሥራ ላይ ያለውን ለማሰናበት ግንኙነት ከተጠየቀ፣ ገና የሚገባውን ለመከልከል ያለ ግንኙነት እንዲሁ በጅምላ «መዝገብ ያለው አልቀጥርም» ማለት ከሕጉ መንፈስ ጋር አይሄድም።

መንግሥትም ቢሆን ትኩረቱ ሌላ ቦታ ነበር። የቀድሞው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ቤት ወይም ክፍል የሚያከራይ ሰው የተከራዩን ማንነት መዝግቦ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ እንዲያሳውቅ ያስገድድ ነበር፤ አዋጁ ኋላ በቁጥር 1176/2012 ተተክቷል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ያተኮረው በአከራይና ተከራይ ውል፣ በዋጋና በዘመኑ ላይ ነው። ሁለቱም የሚጠይቁት በክፍሉ ውስጥ ማን ተኛ የሚለውን ነው። ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚለውን አንዳቸውም አልጠየቁም።

ይህን ጥያቄ ከጠየቁት አንዷ የአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ናት፤ ታሪኩ ለኛ ብዙ ስለሚያስተምር ጥቂት ልቆይበት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 በኦርላንዶ ከተማ አንዲት የ19 ዓመት ተማሪ በምትኖርበት የኪራይ አፓርትማ የጥገና ሠራተኛ እጅ ተገደለች። ሰውየው ወደ ክፍሏ የገባው ሁሉንም በር በሚከፍተው በማስተር ቁልፍ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግዛቲቱ በሟቿ ስም የሚጠራ ሕግ አወጣች፤ አፓርትማ አከራዮች ሠራተኞቻቸውን ሁሉ ከመቅጠራቸው በፊት የወንጀል መዝገብ እንዲያጣሩ አስገደደች። በብዙ ቦታ የሚወሳው ይህ ክፍል ነው። ግን አከራዩ ድርጅት በዚያው ሰሞን የተናገረውን ያስታወሰ ይደነግጣል፤ ሠራተኞቹ ሁሉ በማጣሪያ እንደሚያልፉ፣ በዚህኛው ላይም የስርቆትም ሆነ የፆታ ጥቃት መዝገብ እንዳልተገኘ ነበር ያስታወቀው። ወረቀቱ ንጹሕ ነበር። ሟቿን ሊያድናት ይችል የነበረው የሕጉ ሌላኛው፣ ብዙም የማይወራለት ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ቁልፍ ሲወጣና ሲመለስ በመዝገብ እንዲያዝ፣ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚወስደው በጽሑፍ እንዲደነገግ፣ ለጥገና ለመግባት የሚሰጠው ማስታወቂያም ከ12 ሰዓት ወደ 24 ሰዓት ከፍ እንዲል የሚያዘው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በኛ አልጋ ቤቶች ትርፍ ቁልፉ ብዙ ጊዜ ከባንኮኒው ኋላ በሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ጽዳቷም፣ ጥበቃውም፣ የባለቤቱ የአጎት ልጅም ያነሣዋል። ማን መቼ እንዳነሣው የሚያውቅ የለም። በዚህ ቤት መቶ የአሻራ ማስረጃ ቢሰበሰብ ምን ይፈይዳል? አንድ መስመር የተሰመረበት ደብተርና አንድ የሚቆለፍ ሣጥን ከወረቀቱ የበለጠ እንግዳውን ይጠብቃሉ፤ ዋጋቸውም ከአንድ ሌሊት የአልጋ ኪራይ ብዙ አይርቅም። ለባለቤቱም ቢሆን ይህ የምግባር ብቻ ሳይሆን የኃላፊነት ጉዳይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2130 መሠረት ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው ይጠየቃል፤ ከቁጥር 2653 ጀምሮ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ውል ክፍልም በእንግዳው ንብረት ላይ ተጨማሪ ኃላፊነት ይጥልበታል። «ሲቀጠር አሻራ አምጥቶልኝ ነበር» የሚለው መከላከያ ከዚህ ኃላፊነት አያወጣውም።

ይህን አሳብ ለአንዲት የቡሬ ሆቴል ባለቤት ባካፈልኋቸው ጊዜ እንዲህ አሉኝ፦ «ዶክተር፣ እርስዎ ሕግ ያስተምራሉ፤ እኔ ደግሞ ሰው አስተኛለሁ። ስህተት ብሠራ የሚጮኸው ከኔ ግቢ ነው።» እውነታቸውን ነው። እርሳቸውን በመርሕ ብቻ መመለስ አይቻልም፤ የሚሠራ ነገር መስጠት ያስፈልጋል። አሜሪካኖች ከ1975ቱ የግሪን እና የሚዙሪ ፓስፊክ ባቡር ኩባንያ ፍርድ ጀምሮ የሚጠይቁት ሦስት ነገር አለ፤ የጥፋቱ ዓይነትና ክብደት፣ ያለፈው ጊዜ፣ የሚያዘው ሥራ ጠባይ። በኛ ገጠር ምሳሌ ላስረዳ። አንድ ወጣት በድንበር መግፋት ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ በዱላ መትቶ አቆሰለ እንበል፤ ሦስት ዓመት ታስሮ ወጣ፤ አሁን በፔንሲዮን የሌሊት ጥበቃ ሊቀጠር ይፈልጋል። ሌላው ሴት ደፍሮ የተፈረደበት ነው፤ አልጋ ክፍል ሊያጸዳ ይፈልጋል። ሦስተኛው የማኅበር ገንዘብ አጉድሎ ተቀጥቷል፤ በወጥ ቤት ሊሠራ ይፈልጋል። ሦስቱንም «መዝገብ ያለው» ብሎ በአንድ ላይ መመለስ ስንፍና ነው። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን አነጋግሬው፣ ጠቡ መታረቁን ጠይቄ እቀጥረዋለሁ፤ ሁለተኛውን ቁልፍ ባለበት ሥራ አላስገባውም፤ ሦስተኛውን ወጥ ቤት አስገብቼ ከገንዘብ መሳቢያው አርቀዋለሁ። ለጥርጣሬ የተረፈውን ደግሞ የሙከራው ጊዜ ያሳየዋል፤ አዋጁ እስከ 60 የሥራ ቀን ፈቅዷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካላልሁ ዕረፍት አይሰጠኝም። ስለ ማጣራት ስንናገር ሁልጊዜ የምናጣራው ሠራተኛውን ነው። ከገጠር መጥታ በዚያው ሆቴል ጓዳ የምታድር ልጅ የባለቤቱን፣ የሥራ አስኪያጁን፣ የደላላውን መዝገብ የምታይበት መንገድ የላትም። የእርሷ ክፍል ቁልፍ በማን እጅ ነው? ከእንግዳው ይልቅ እርሷ ለጥቃት ቅርብ ናት፤ እንግዳው ነገ ይሄዳል፣ እርሷ እዚያው ታድራለች። የቁልፍ ደብተሩ የሠራተኞችንም መኝታ ክፍል መጨመር አለበት። ዕድሜዋ 15 ዓመት ያልሞላትን መቅጠር፣ 18 ዓመት ያልሞላትን ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት በአዋጁ የተከለከለ መሆኑንም ባለንብረቶቻችን ይወቁልን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጥቻለሁ። ከአሻራው ወረቀት ኋላ የቆመ፣ እኛ የሕግ ሰዎች እንኳ የረሳነው አንድ ድንጋጌ አለ፤ መሰየም ይባላል። ከ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጀምሮ በሕጋችን ውስጥ የነበረ ሲሆን፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ይዞታል። ሐሳቡ ይህ ነው። የተቀጣ ሰው ቅጣቱን ፈጽሞ፣ ወይም በይቅርታ ወይም በአመክሮ ወጥቶ፣ ቅጣቱ ጽኑ እስራት ከነበረ ቢያንስ 5 ዓመት፣ በሌላው ጊዜ ቢያንስ 2 ዓመት ካለፈ፣ በመልካም ጠባይ ከኖረና የተፈረደበትን ካሣ በሚችለው መጠን ከከፈለ፣ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ሊሰየም ይችላል። ውጤቱን ስሙ። የተሻረበት መብት ይመለስለታል፤ ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ሕጉ በዚህ አላቆመም። ከተሰየመ በኋላ አሮጌውን ፍርድ በክፋትም ሆነ በሌላ ምክንያት እያነሣ የሚነቅፈው ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል፤ «የተናገርሁት እውነት ነው» ወይም «ለሕዝብ ጥቅም ብዬ ነው» የሚለው መከላከያም አይሰማለትም።

ቅድም ያዙልኝ ያልኋችሁ የገጠሩ ሥርዓት ይኸው ነው። የታረቀን ደም ማንሣት ነውር ነው ያለው የጎጃም ሽማግሌና «እውነት ቢሆንም አይባልም» ያለው የወንጀል ሕግ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ። ልዩነቱ የሽማግሌውን ሥርዓት ሁሉም ያውቀዋል፤ የሕጉን ግን የሚያመለክትበት አላገኘም። ከማረሚያ ቤት የሚወጣ ሰው የመፈቻ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ከዓመታት በኋላ መዝገቡን ማሰረዝ እንደሚችል የሚነግረው ግን የለም። ብዙዎች ይቅርታ ማግኘት መዝገቡን የሚያጠፋ ይመስላቸዋል። አያጠፋም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 229 መሠረት ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል እንጂ ፍርዱ በመዝገብ ይቆያል፤ የሚያጠፋው በአንቀጽ 230 የተጠቀሰው ምሕረት ነው። በበዓል ዋዜማ በይቅርታ ተፈትቶ በደስታ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ከዓመታት በኋላ አሻራ ሲሰጥ ያ ፍርድ ይጠብቀዋል።

ለዚህ ድንጋጌ መርሳታችን የሚከፈለውን ዋጋ ለመገመት ከሌላ አገር አንድ ጥናት ልጥቀስ። የሶሲዮሎጂ ሊቅ የነበረችው ዴቫ ፔጀር እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመችው የሚልዋኪ ከተማ ሙከራ ነው። ተመሳሳይ ብቃት ያላቸው ወጣቶች ለሥራ እንዲያመለክቱ ተደረገ፤ ልዩነታቸው የእስር መዝገብ መኖሩና አለመኖሩ ነበር። ከነጮቹ አመልካቾች መዝገብ ያልነበራቸው 34 በመቶ ተመልሰው ሲጠሩ፣ መዝገብ አለን ያሉት 17 በመቶ ተጠሩ፤ ከጥቁሮቹ ደግሞ 14 እና 5 በመቶ። ሁሉም ወጣቶች የጥናቱ ተሳታፊዎች ነበሩ፤ መዝገቡም የልብ ወለድ ነበር። በራችንን የዘጋብን አንድ ቃል ብቻ ነው ቢሉ እውነት ነው። «ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል» የሚለው ብሂል በሚልዋኪም ያለ ይመስላል። በሩ የተዘጋበት ሰው ደግሞ የትም አይጠፋም፤ እዚያው ከተማ ውስጥ፣ ሥራ ፈትቶ ያድራል። የሆቴሉ ባለቤት የፈራችው ሰው ከግቢዋ ውጭ ስለዋለ አደጋው አልቀነሰም።

የመጨረሻው ጉዳይ ወረቀቱ ራሱ የሚያዝበት አኳኋን ነው። አሻራ የሰውነት ዳታ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የአመልካቾችን ማስረጃ በባንኮኒ መሳቢያ ከምሳ ደረሰኝ ጋር ማከማቸት የአሠራር ጉድለት ብቻ አይደለም። ያልተቀጠረው ሰው ወረቀቱ ይመለስለት። ወጪውንም ከፋዩ ጠያቂው ይሁን። ከገጠር የመጣች ልጅ ሥራ ሳትይዝ የመጓጓዣና የአገልግሎት ክፍያ እንድታወጣ ማድረግ ድሃውን አስቀድሞ ማጣራት ነው። ቀጣሪው አመልካቿን አነጋግሮ ሊቀጥራት ከወሰነ በኋላ፣ ቁልፍ ለሚያስይዝ ሥራ ብቻ፣ በራሱ ወጪ ይጠይቅ።

ለፋኩልቲያችን የነፃ የሕግ ድጋፍ አገልግሎት አንድ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። የመሰየም አቤቱታ ረጅም አይደለም፤ የፍርዱ ቁጥርና ቀን፣ ቅጣቱ የተፈጸመበት ማስረጃ፣ የካሣው ክፍያ ደረሰኝ፣ ከዚያ ወዲህ ስላለው አኗኗር የሚመሰክሩ ሁለት ሦስት ሰዎች። አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን ቅጽ አዘጋጅቼ ከመግቢያው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። የአምስተኛ ዓመት ተማሪዎች በተግባር ልምምዳችሁ ወደ ማረሚያ ቤት ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱ፤ የሚፈቱት ሰዎች ቀኑን መቁጠር ከዚያው እንዲጀምሩ አስረዷቸው። ከጎኑ ያለው ሌላው ወረቀት ለባለንብረቶች የተዘጋጀ ባለ ስድስት ዐምድ የቁልፍ መዝገብ ነው። ጥያቄ ካላችሁ ድምፅ ማጉያው ከግራ በኩል ይጀምራል።